የዝናብ ውሃ ብቻ

መጋቢት 14፣ 2014

ወጥመድ ከምላቸው ተክሎች ትልቋ አበባ ልታወጣ ነው። መሃሏ ላይ ቀጭን ዘንግ በቅሏል፤ ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህል እንቡጥ ይዟል። መክሊት እንዳስተማረችኝ በመቀስ ቆረጥኩት። አበባው ከተተወ ተክሏ ጉልበቷን ሁሉ ለእሱ ሰጥታ ትከሳለች። የተቆረጠውን ዘንግ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ተክዬ በፕላስቲክ ብርጭቆ ከደንኩት። ከሥሩ አዲስ ተክል ሊወጣ ይችላል፤ ላይወጣም ይችላል።

መክሊት ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የጓሮ ክፍሌን ተከራይታ የኖረች ልጅ ናት። አምና ለትምህርት አዲስ አበባ ስትሄድ ዝንብ በሊታ ተክሎቿን በአደራ ተወችልኝ። ሁለት ዓይነት ናቸው። ወጥመዶቹ እንደ መንጋጋ የሚገጥም ጥርሳም ቅጠል አላቸው። ጤዛዎቹ ደግሞ ቅጠላቸው በቀይ ፀጉር ተሸፍኖ በየፀጉሩ ጫፍ ሙጫ የመሰለ ጠብታ ይዟል፤ ያረፈች ዝንብ ከዚያ አትነሳም። ስትሄድ ጥቂት ነበሩ። እያባዛሁ የክፍሏን መስኮት ደፍ በደጅ በኩል ሞልቻቸዋለሁ።

ሕጋቸው አንድ ነው፤ የዝናብ ውሃ ብቻ። የቧንቧውም የቦቴውም ውሃ እዚህ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያው ነገር የተክሎቹን ሥር ያቃጥላል። ባለፈው ክረምት ከቆርቆሮው ጣሪያ በአሸንዳ ሁለት በርሜል ሞልቼ ነበር። አንዱ አልቋል። ሁለተኛው ከወገቡ በታች ወርዷል።

መጋቢት 19

ደመና መጣ፣ ሄደ። አቧራ ብቻ።

የጎረቤቴ የሀምዲያ ባል ዋርሳሜ የውሃ ቦቴ ነው የሚነዳው። ዛሬ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲያይ አንዷ ወጥመድ ዝንብ ላይ ገጠመች።

«ወለተሐና! ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ልጆችሽ ሥጋ እየበሉ ነው!»

«አልተጠመቁም» አልኩት።

«ቅዳሜ ሮመዳን ይገባል። ያንንም አይጾሙ፣ ይሄንንም አይጾሙ። ምን ዓይነት ከሃዲ ነው ቤትሽ የሰበሰብሽው!»

ሳቅን። ከዚያ ዓይኑ በርሜሉ ላይ አረፈ። «የዝናብ ነው?» አለ። «አዎ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። የሚሠራ ነገር ኖሮኝ አልነበረም።

መጋቢት 22

የሀምዲያ እናት ከሀርሺን መጡ። አያዮ ነው የሚሏቸው፣ አያቴ እንደማለት። ልጆቹም ጎረቤቱም እንደዚያ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያ እላቸዋለሁ። ዋርሳሜ በቦቴው ጋቢና አስቀምጦ አመጣቸው። የቤተሰቡ ብርካ፣ ዝናብ የሚያጠራቅሙበት ጉድጓድ፣ ወለሉ ተሰነጣጥቋል። ከብቶቹ አልቀዋል። የቀሩትን ጥቂት ፍየሎች ወንድ ልጃቸው ወደ ጉናጋዶ ነድቷቸዋል።

ሰላም ልላቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ተጋድመዋል። ከሳቸው ይልቅ ልብሳቸው ይታያል። በወጣትነታቸው ወደዚህ ወደ ጂጂጋ እየመጡ ወተት ይሸጡ ስለነበር አማርኛ ይችላሉ።

«አባትሽ ምን ነበር?»

«ወታደር።»

«እንግዲያው ወተቴን ጠጥቷል። ወታደሮቹ ሁሌ ‹አንቺ ልጅ፣ ውሃ ቀላቅለሻል› ይሉኝ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ይሉ ነበር?»

«ወላሂ አልቀላቀልኩም እላለሁ።» በእጃቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ። «ቀላቅዬ ነበር።»

ከበረንዳቸው የእኔ ግቢ በደንብ ይታያል። ይህን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

መጋቢት 27

ሀምዲያ ከማፍጠሪያ ሰዓት በፊት መጣች። ሳምቡሳ ይዛልኝ። «የምስር ነው፣ ጾምሽን አልረሳሁም» አለች። ቁጭ ሳትል በርሜሉን አየች።

«አያዮ የቦቴውን ውሃ እንቢ ብላለች። ጨው ጨው ይላል ትላለች፣ ስትጠጣው ሆዷን ይቆርጣታል። ዕድሜዋን ሁሉ የብርካ ውሃ የጠጣች ናት። የታሸገውን ገዛሁላት፣ የሞተ ውሃ ነው ብላ ተፋችው። ዋላል፣ እህቴ፣ ለማፍጠሪያ አንድ ኩባያ ብቻ ብትሰጪኝ።»

«መድኃኒት ገብቶበታል» አልኩ።

«ምን መድኃኒት?»

«የትል። ለተክሎቹ ብዬ። ለሰው አይሆንም።»

ደረቷን ያዘች። «ያ አላህ! እንኳን ነገርሽኝ!»

አመሰገነችኝ። ሳምቡሳው ትኩስ ነበር።

በርሜሉ ውስጥ ምንም መድኃኒት የለም። አንድ ኩባያ ብቻ እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። ነገም ይመጣል፤ ከነገ ወዲያም። ጉ የሚሉት የበልጉ ዝናብ ካልመጣ ያለኝ ውሃ እስከ ሐምሌ ተክሎቹን ብቻ ነው የሚያደርሰው። አደራ ነው። ሴትዮዋ ሌላ ውሃ አላቸው፤ ተክሎቹ የላቸውም። ይህን ሳስበው ትክክል ነው። ስጽፈውም ትክክል ነው።

ሚያዝያ 1

ሙቀት። ንፋስ። ስቀዳ ክዳኑ ላይ የሚፈሰውን ድንቢጦች እየመጡ ይጠጡታል። አባርራቸዋለሁ፤ ይመለሳሉ። አያዮ ከበረንዳው እጃቸውን አነሱልኝ። አነሳሁላቸው።

ሚያዝያ 4

አያዮ ትናንት ያፈጠሩበትን ውሃ አስመለሱ ብላ ሀምዲያ ነገረችኝ። ዶክተሩ ሻይ ስጧት ብሏል። ሻዩም በዚያው ውሃ ነው።

«መድኃኒት ባይገባበት ኖሮ» አለች በርሜሉን እያየች። እንደ ቅሬታ አልነበረም።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ውስጥ የእኛ የክርስቲያኖቹ ቤት ሲቃጠልና ሲዘረፍ፣ በእነሱ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ዋርሳሜ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ «እዚህ ከሚስቴ በቀር ሴት የለም» ይል ነበር። ሀምዲያ ምግብ ስታቀርብልኝ ስንት ልስጥሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ለምን ይህን ዛሬ እንደጻፍኩት አላውቅም። ስለ ተክሎቹ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ሚያዝያ 7

ከጤዛዎቹ ጤነኛ ቅጠሎች መርጬ ቆረጥኩ። ጃም የነበረበት ጠርሙስ ውስጥ የዝናብ ውሃ አድርጌ አንሳፈፍኳቸው። ቅጠሉ በውሃው ላይ ተኝቶ ሲሰነብት ከፀጉሮቹ መሃል ትንንሽ ተክሎች ይወጣሉ። ከሁሉም የማባዣ መንገድ ይህን እወዳለሁ። ጠርሙሱን ቤት ውስጥ፣ ቀዝቃዛው መስኮት ላይ፣ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀመጥኩት።

ውሃ የምለካው በነጩ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። መሃሉ ላይ በጥፍር ቀለም የተሰመረ ቀይ መስመር አለው። መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ለተክሎቹ ግን አልነበረም። ሟቹ ባለቤቴ ሰይፈ ኩላሊቱን በታመመ ጊዜ ሐኪሙ ውሃ ለክተሽ ስጪው ብሎኝ ነበር። መጽሐፍ ገዝቼ አነበብኩ። ብዙ አነበብኩ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነገር ለእኔ ትልቅ ነው። መጽሐፉም እንደ ሐኪሙ ነበር የሚለው። ከመስመሩ አሳልፌ አላውቅም።

«ድገሚኝ» ይል ነበር ሰይፈ።

መጽሐፉ ትክክል ነበር። በኋላ የጠየቅኳቸው ሁሉ ትክክል ነበርሽ ነው ያሉኝ። ማንቆርቆሪያውን ከአልጋው አጠገብ አንስቼ ወደ ማዕድ ቤት የወሰድኩበትን ማታ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ኩባያው ጥሩ መለኪያ ነው። አይሰነጠቅም።

ሚያዝያ 14፣ ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ውዬ ተመለስኩ። ተክሎቹ የቆሙበት ዝርግ ሳሕን ውሃ ይዟል። ጠዋት ስወጣ ከታች ጣት የማያረጥብ ነበር።

ሀምዲያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ በርቷል።

«አየሻቸው? እኔ ነኝ ያጠጣሁልሽ። የጓሮ በርሽ ክፍት ነበር።»

«ምን ውሃ ነው ሀምዲያ?»

«ዘምዘም!» አለች። «አያዮ ነች የላከችኝ። ‹ያቺ ሴት በየቀኑ በኩባያ እየለካች ለእነዚያ ተክሎች መድኃኒት ታጠጣለች፣ ታመውባት ይሆናል፣ ይሄ ይሻላቸዋል› አለችኝ። ለሁሉም አዳረስኩ። አንድም አልዘለልኩም።»

ከመካ የመጣ ውሃ ነው። እንደ ጸበል ነው ለእነሱ። ከድንጋይ ውስጥ የሚፈልቅ፣ ማዕድን የሞላበት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሚያዝያ 15

መክሊት ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳት።

«እትዬ፣ ወጥመዶቹ አይችሉትም። ጤዛዎቹ ትንሽ ይታገሱ ይሆናል። አሁኑኑ በዝናብ ውሃ ያጥቧቸው። ከላይ እያፈሰሱ፣ ከታች ወጥቶ እስኪያልቅ። ደጋግመው።»

«ብዙ ውሃ ይፈልጋል?»

«ያለዎትን ሁሉ» አለች።

ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ። ነገ ፋሲካ ነው።

ሚያዝያ 17

የወጥመዶቹ ቅጠል ጫፍ ጠቁሯል። ጠዋት ማጠብ ጀመርኩ። ከበርሜሉ በባልዲ እየቀዳሁ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ አፈሰስኩ። ከታች የሚወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። መሬቱ ወዲያው ይመጠዋል።

ዋርሳሜ ቦቴውን አቁሞ ሲገባ አየኝ።

«በሮመዳን ውሃ መሬት ላይ ታፈሺያለሽ?»

«መታጠብ አለባቸው።»

«ዘምዘም ጠጥተው ደግሞ መታጠብ?» እንደ ቀልድ ጀመረው፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። «እኔማ ሀምዲያን ተቆጥቻታለሁ። እሺ፣ አሮጊቷ ያለችውን ብላለች፤ አንቺ ለምን ትሰሚያታለሽ? ያቺ ጠርሙስ እኮ ከሐጅ የመጣችላት ናት። ለሞቷ ቀን ነበር ያስቀመጠቻት፤ ነፍሷ ስትወጣ አፏን እንድናርስበት። ከሀርሺን ስንነሳ ልብሷን ረስታ እሷን ነው በደረቷ ይዛ የመጣችው።»

ባልዲውን አስቀመጥኩ።

«አንዲት ጠብታ አልቀረችም» አለ። «ከሃዲዎችሽ ጠጧት።»

ገባ። ባልዲው ግማሽ ነበር። መልሼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። በርሜሉን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተክሎቹን አጥቤ ልጨርስበት እችላለሁ፣ ወይም አያዮ ዝናብ እስኪመጣ ሊጠጡት ይችላሉ። ለሁለቱም አይበቃም። ከሰዓት በኋላ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ። ያላጠብኳቸው ካጠብኳቸው ይበልጣሉ።

ሚያዝያ 18

በአጭሩ።

መግሪብ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሳይደርስ ነጩን ኩባያ አጥቤ፣ ጀሪካን ከበርሜሉ በነጠላ አጥልዬ ሞልቼ ሄድኩ። አያዮ ትራሳቸው ላይ ናቸው። ሀምዲያ ቴምር እየደረደረች ነበር። አዛኑ ሲሰማ ቀዳሁና በፊታቸው ጠጣሁት።

ሀምዲያ ጮኸች። «መድኃኒቱስ!»

«የለም።»

«ወጣለት?»

«አልነበረም።»

ሀምዲያ ቴምሩን እንደያዘች ቀረች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። የሳቁት አያዮ ናቸው፤ እንደዚያን ቀን፣ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው።

«እኔ ከዚህ ሆኜ ወፎቹን አያቸው ነበር» አሉ። «ክዳኑ ላይ ይጠጣሉ። በማግስቱ ያው ወፎች ይመጣሉ። አንዱ ክንፉ የተሰበረ ነው፣ እሱን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንድም አልሞተም።»

«ታዲያ ዘምዘሙን ለምን ሰጡ?»

«ላንቺ ነው እንዴ የሰጠሁት? ለእነሱ ነው። እነሱ አልዋሹኝም።»

ቀዳሁላቸው። እጄ ልማዱ ነውና እስከ ቀዩ መስመር ሞልቶ ቆመ። ተቀበሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ጠጡ። አንድ ጉንጭ አፋቸው ውስጥ አቆዩና «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» አሉ። «ግን የሰማይ ነው።»

ኩባያውን ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ።»

ከመስመሩ አሳልፌ እስከ አፉ ሞላሁት። ሲቀበሉኝ በእጄ ላይ ፈሰሰ።

ሚያዝያ 21

ሀምዲያ በአጥሩ አላነጋገረችኝም። ጀሪካኑን እሞላና በራቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ባዶው ተመልሶ በሬ ላይ ይቀመጣል። ታጥቦ ነው የሚመለሰው።

ያልታጠቡት ወጥመዶች ሙሉ በሙሉ ጠቁረዋል። የታጠቡትም አልተሻላቸውም።

ሚያዝያ 24፣ ዒድ

በሩ ተንኳኳ። ሀምዲያ አዲስ ድሪአ ለብሳ፣ ሩዝና ሥጋ በትሪ ይዛ ቆማለች።

«ጾምሽ አልቋል አይደል?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ብዪ።» ትሪውን ሰጥታኝ ሄደች፤ ከአጥሩ ስትደርስ ዞረች። «አንድ ነገር ልንገርሽ። አልሰጥም ብትዪኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። ውሃ ነው፤ የለኝም ይባላል። እኔን ማስፈራራት ግን ምን ነበር? ስንት ቀን ልጆቹን በርሜሉ ጋ እንዳትደርሱ፣ ትሞታላችሁ እያልኩ ስጮህ ነበርኮ።»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ሥጋው ቅመሙ ጥሩ ነበር።

ግንቦት 3

አያዮ ቁጭ ብለው ይበላሉ። ትናንት እስከ አጥሩ ድረስ መጥተው ተክሎቹን በቅርብ እንዳሳያቸው ጠየቁ። የሞቱትን ሰብስቤ ነበር። የቀረ አንድ ጤዛ አሳየኋቸው፣ እሱም ጠብታው ደርቋል።

«ዘምዘሙ ነው?» አሉ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ቅጠሉን በጣታቸው ነኩት።

ለመክሊት ነገርኳት፤ ለእሷ እውነቱን። ውሃው ለሰው ሆነ አልኳት። «እትዬ፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው» አለች። ወጥመዶቹን ከዘር ነበር ያሳደገቻቸው። በብርጭቆ የከደንኩት የአበባ ዘንግም ዘምዘሙ ደርሶት ነበር፤ ሀምዲያ አንድም አልዘለልኩም ያለችው እውነቷን ነው።

ግንቦት 11

በርሜሉን አጋድሜ ነው የምቀዳው። ከታች ደለል።

ደመና የለም።

ግንቦት 16

የጃሙን ጠርሙስ ረስቼው ነበር። ቤት ውስጥ ስለሆነ ሀምዲያ አላየችውም። ዛሬ አቧራ ስጠርግ አነሳሁት። አንዱ ቅጠል ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ አረንጓዴ ነገሮች ወጥተዋል። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የፀጉር ምልክት አላቸው። ሌሎቹ ቅጠሎች ሟምተዋል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ከበርሜሉ የተረፈ የመጨረሻው ንጹሕ ውሃ ነው። አላየሁትም ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

ግንቦት 20

ሀርሺን ዘንቧል። ብዙ አይደለም ይላሉ፤ ብርካው ግን ከታች እርጥብ ሆኗል፣ ልጅየውም ፍየሎቹን ይዞ እየተመለሰ ነው። አያዮ ካልሄድኩ አሉ። ሀምዲያ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ዕቃቸውን ጠቀለለች። ዋርሳሜ ጋቢናው ላይ ትራስ አነጠፈ።

ለመንገድ የሚሆን ውሃ ይዤ ወጣሁ። ከበርሜሉ አጥልዬ ያገኘሁትን ሁሉ፤ አንዲት ትንሽ ጀሪካን አልሞላችም። ነጩን ኩባያም ሰጠኋቸው።

«ይህማ የተክሎችሽ ነው» አሉ።

«ይውሰዱት። በእሱ ለምደዋል።»

«ከሃዲዎቹ ከሞቱ ኩባያ ምን ያደርግላታል፣ ውሰጃት» አለ ዋርሳሜ ሞተሩን እያስነሳ።

አያዮ ኩባያውን ተቀብለው አገላበጡት። ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፉ። የጥፍር ቀለሙ በአንድ በኩል ተፍቋል፣ ከዚያ በቀር ደህና ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ለተክሎቹ ነው» አልኳቸው። «እንዳይበዛባቸው ብዬ ነው ያሰመርኳት።»

አያዮ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መስመሩን እንደገና አዩት፤ ከበረንዳው ሆነው ወፎቹን ያዩ በነበረበት ዓይን። ኩባያውን የዘምዘሟ ጠርሙስ በነበረችበት ቦታ፣ ደረታቸው ውስጥ አስገቡት።